ለጥምቀት የደረሰ እራፊ

እናቴ ከ15 ዓመት በላይ ለጥምቀት የለበሰችው ቀሚስ አሁን ጭኔ ላይ ነው። ሙሉውን አይደለም፤ ከጀርባው የተወሰደ፣ ከስንዝር ጥቂት የሚበልጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ነው። ፈትሉ ከመታጠብ ብዛት ስለሳሳ ወደ መስኮቱ ሳነሣው ድሩና ማጉ ለየብቻ ይታየኛል፤ በአንዱ ጥግ ላይ ደግሞ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦበት፣ ስንት ጊዜ ታጥቦ ያልለቀቀ ክብ ምልክት አለ። የቀሩት 39 ቁራጮች በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልለው ጥርን ይጠብቃሉ። ይህችን ለብቻዋ ያወጣኋት ባለፈው ዓመት ነፋስ ጫፏን ስለተረተረው ልጠግናት ብዬ ነው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን አባባል በልጅነቴ የሰማሁት ሁልጊዜ አዲስ ልብስ ከመግዛት ጋር ተያይዞ ነበር። ታኅሣሥ ሲያልቅ የሰፈራችን ሴቶች ሽሮ ሜዳ ወጥተው ጥለት ሲያማርጡ፣ ባሎቻቸውም ስለ ዋጋው ሲያጉረመርሙ፣ ይህ አባባል ለሴቶቹ የሚመሰክር ጠበቃ ነበር። ትርጉሙም እውነት ነው፤ የክብር ልብስ ለክብር ቀን ካልወጣ መቀመጡ ምን ይረባል ማለት ነው። ነገር ግን አባባሉ የሚያቆመው «ይበጣጠስ» ላይ ነው፤ የተበጣጠሰው ቀሚስ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። እኔ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ያሮጌ ልብስ ቁራጮች እየሰበሰብኩ ለሰፈራችን የጥምቀት መንገድ ማስጌጫ ስሠራ የቆየሁት ይህ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ይመስለኛል።

በቤታችን ልብስ የራሱ የሆነ የቁልቁለት መንገድ ነበረው። አዲስ ቀሚስ ለጥምቀትና ለፋሲካ ይለበሳል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሲያልፈው የእሑድ ቅዳሴ ልብስ ይሆናል፤ ጥለቱ ሲደበዝዝ የለቅሶና የዕድር፣ ከዚያ የቤት ልብስ ይሆናል። ብብቱ ሲቀደድ የቡና ስኒ ማድረቂያ፣ የእንጀራ መሸፈኛ፣ ወይም የሕፃን መጠቅለያ ሆኖ ይቀደዳል። የመጨረሻው ማረፊያው ምጣድ ማሰሻ ነበር፤ እናቴ የጎመን ዘር ወቅጣ፣ በዚያች እራፊ ምጣዱን ስታስስ፣ እራፊዋ ጥቁርና ጠንካራ እስክትሆን ድረስ ታገለግላለች። ያላለቀውንም ልዋጭ ይወስደው ነበር። «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ሰው በትከሻው ላይ የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ ደርድሮ ይመጣል፤ እናቴም ሁለት አሮጌ ሱሪና አንድ ሹራብ ሰጥታ ቀይ ሳፋ ትቀበላለች። በልጅነቴ ይህ ታላቅ ትርፍ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከጥጥ የተሠራ፣ የሚበሰብስና ወደ አፈር የሚመለስ ነገር ሰጥተን የማይበሰብስ ነገር ወደ ቤታችን ስናስገባ ኖረናል።

ሥራውን እንድጀምር ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲሰፍር ሰፈራችን ውስጥ የተሰማው ደስታ ልዩ ነበር። በዚያ ዓመት ጥር የሰፈሩ ወጣቶች ከወትሮው የበለጠ ገንዘብ አዋጥተው፣ በጥቅል የሚሸጠውን ባለ ሦስት ቀለም የላስቲክ ባንዲራ ገዝተው፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሰማዩ እስኪሸፈን ድረስ ሰቀሉት። ታቦቱ ሲያልፍ እውነትም ያምር ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን የሚያወርደው አልነበረም። የየካቲት ፀሐይ አነጣው፤ የመጋቢት ነፋስ ቆራርጦ በየሽቦውና በየባሕር ዛፉ ላይ ሰቀለው፤ ክረምት ሲገባም የደጃችን ቱቦ ሞልቶ ውኃው ወደ ግቢያችን ገባ። ቱቦውን የከፈተው ልጅ በአካፋ ሲዝቅ መጀመሪያ ያወጣው ጭቃ የለበሰ፣ አረንጓዴው ገና የሚታይ የላስቲክ ባንዲራ ነበር። ለታቦት ክብር የተሰቀለ ነገር በፍሳሽ መካከል ማየቴ በጣም አሳዘነኝ። ወጣቶቹን አልወቀስኩም፤ እኔም ብር ካዋጡት አንዷ ነበርኩ።

ያ ክረምት የኮቪድ ክረምት ነበር። ማስክ በጠፋበትና በተወደደበት ወቅት የእናቴን ሲንጀር ከአልጋ ሥር አውጥቼ ዘይት ቀባሁት፤ ከአሮጌ አንሶላና ከአቡጀዲ ማስክ እየሰፋሁ ለጎረቤት ማደል ጀመርኩ። ልብስ ሰፊ አይደለሁም፤ የተማርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ጥሩ የሆነልኝ ነገር ቢኖር ሥራው ጨርቅን በጣት መለየት ማስተማሩ ነው። በዚያው ዓመት አትክልት ተራ በወረርሽኙ ምክንያት ለወራት ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ስለነበር ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሜዳው መጽዳት ነበረበት፤ ሰው አካፋና መጥረጊያ ይዞ ወጣ። ሜዳው እንዲህ ተጠርጎ የእኛ መንገድ ዳግመኛ ላስቲክ ሊሰቀልበት ነው ብዬ ሳስብ፣ ለማስክ ብዬ የሰበሰብኩት የጨርቅ ክምር ታወሰኝ። ለወጣቶቹ «ዘንድሮ ላስቲኩን ተዉት፤ በጨርቅ እንሥራው» አልኳቸው። እነርሱም ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ተስማሙ፤ ገንዘብም አልነበራቸውም።

የተቃወሙን ጎረቤታችን እማማ ነበሩ። እርሳቸው የሰማንያ ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ግቢያችን ሲመጡ ያየችው ሁሉ ተነሥታ መቀመጫ ትለቅላቸዋለች። ከአጥራችን ላይ የተሰጡትን ቁራጮች አዩና ቆም ብለው «ልጄ፣ ለታቦት መንገድ እራፊ ይሰቀላል እንዴ?» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህም ነው የከበደኝ። በእኛ ዘንድ እራፊ፣ ቡቱቶ፣ ድሪቶ የሚሉት ቃላት የድህነት ቃላት ናቸው፤ የምናከብረውን በአዲስ እንቀበላለን እንጂ በአሮጌ አንቀበልም። ታቦቱ ራሱ በከበረ መጎናጸፊያ ተሸፍኖ፣ በወርቅ ክር በተጠለፈ ድባብ ሥር ነው የሚሄደው። እማማ ያነሡት ጥያቄ ስለ ክብር ነው፤ ስለ ክብር ለተጠየቀ ሰው ደግሞ «አካባቢን እንጠብቅ» ብሎ መመለስ ሌላ ጥያቄ መመለስ ነው።

እኔም «እማማ፣ እርስዎ ሲያዩት ያፈሩበት እንደሆነ አንሰቅለውም፤ ግን አጥበን፣ ተኩሰን፣ ዳርዳሩን ሰፍተን ካለቀ በኋላ ይዩልን» አልኳቸው። ይህች መልስ የሥራችን ሕግ ሆና ቀረች። አሮጌ መሆኑ ነውር የለውም፤ ቆሻሻ፣ የተጨማደደ ወይም ዳሩ የተንጨፈረረ ሆኖ መሰቀሉ ግን ነውር ነው። እስከ ዛሬ አንድም ቁራጭ ሳይታጠብና ሳይተኮስ አይወጣም። የካውያ ሥራ አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ተተኩሶ የተሰቀለውንና ሳይተኮስ የተሰቀለውን ጎን ለጎን ያየ ሰው እማማ ምን ለማለት እንደፈለጉ ይገባዋል።

ጨርቁ ከየቤቱ መጣ። ሰው የልብስ ሣጥኑን ለመክፈት ሰበብ ይፈልግ የነበረ ይመስል ነበር። አሮጌ ነጠላ፣ ብብቱ የተቀደደ ቀሚስ፣ ብርድ ልብስ ዳር፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የጠበበ የሕፃን ልብስ ሁሉ ተሰበሰበ። የጎደለንን ቀለም ፍለጋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረድኩ፤ ልባሽ ጨርቅ ከሚሸጡትም ዘንድ ሄድኩ። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም የቦንዳ ልብስ ያልለበሰ የከተማችን ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ለብሼ ያደግኩ ነኝ። ቦንዳው ተፈትቶ ደህና ደህናው ከተመረጠ በኋላ የሚተርፈውን፣ እድፍ ያለበትን ወይም እጅጌው የተቦጨቀውን በቅናሽ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምይዘው አንድ አቋም አለኝ፤ ሊለበስ የሚችል ልብስ ለጌጥ አልቆርጥም። ለብርድ የሚሆን ደህና ሹራብ ቀለሙ ስላማረ ብቻ በመቀስ መሸረካከት ሰው በሚበርደው ከተማ ውስጥ ልክ አይደለም። አንድ ጊዜ በጣም የምፈልገው ዓይነት ቀይ የሱፍ ኮት አግኝቼ ነበር፤ ቁልፎቹ ብቻ ስለጎደሉ ቁልፍ ተክዬ ለዘበኛችን ሰጠሁት፤ ቀዩን ከአሮጌ መጋረጃ አገኘሁ።

ምርጫው በጣትና በክብሪት ነው። ከዳሩ አንድ ክር መዝዤ አቃጥለዋለሁ፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድድና በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጥቁር፣ እንደ ዶቃ የጠነከረ ኳስ ይሆናል። ለማስጌጫ የምመርጠው ጥጡን ነው፤ ቢወድቅም አፈር ይቀበለዋል፤ ቀለም ይይዛል፤ ከሁሉም በላይ አወራረዱ ያምራል። ፖሊስተር ግን ቀለሙ በፀሐይ ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ ቀይ ጥጥ ሲጠፋ እርሱን እጠቀማለሁ። ቀይ ጥጥ ደግሞ ቀለሙን ይተፋል። ነጭ ጨርቅ አርሶ ቀዩን ማሸትና ነጩ ላይ የሚወጣውን ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህን ባለማድረጌ በመጀመሪያው ዓመት የሌሊት ጤዛ የአንድ መስመር ነጭ ቁራጮችን በሙሉ ሮዝ አድርጎብኛል።

የቆየ ሸማ አጠባ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እናቴ አገር ቤት ሳለች ሸማ የሚታጠበው በእንዶድ እንደነበር ትነግረኛለች፤ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲገባ አረፋ ያወጣል፤ ፈትሉንም ሳይጎዳ ያነጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ያረጋገጡት ልብስ አጠባን በጥንቃቄ ስለተመለከቱ ነው። ይህን ታሪክ ለሰፈሩ ልጆች ሳልነግራቸው አላልፍም። እኔ ግን ከተማ ውስጥ እንዶድ እንደ ልብ ስለማላገኝ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ዘፍዝፌ አሳድራለሁ፤ አላሽም፤ አልጨምቅም፤ በአንሶላ ላይ ዘርግቼ ጥላ ላይ አደርቃለሁ።

በጣም የተቸገርኩት በቢጫ ነው። አረንጓዴ ከዩኒፎርም፣ ቀይ ከመጋረጃ ይገኛል፤ ቢጫ ልብስ የሚለብስ ሰው ግን በሰፈራችን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነጭ ነጠላዎቹን በእርድ ለመንከር ወሰንኩ። ውኃ አፍልቼ የእርድ ዱቄት በተንኩበትና ጨርቁን ጨመርኩት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ አደይ አበባ ቦግ ያለ ቢጫ ወጣው። ከደስታዬ ብዛት ትርፉን ዱቄት ላስለቅቅ ብዬ በሳሙና አጠብኩት። ሳሙናው እንደነካው ያ ሁሉ ቢጫ ዓይኔ እያየ የጡብ ዓይነት ቡናማ ቀይ ሆነ። የእማማ ቤት ነጠላ፣ የጎረቤት ነጠላ፣ ስድስት ነጠላ በሳፋ ውስጥ ተበላሽቶ ሳየው እንባዬ መጣ።

እናቴ ከበር ላይ ሆና አየችኝና ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች። ሎሚ ይዛ ወጣች። ለሁለት ቆርጣ ሳፋው ውስጥ ጨመቀችው፤ በእጇም ጨርቁን ወደ ታች ደፍቃ ያዘችው። ጭማቂው በደረሰበት ሁሉ ቡናማው እየሸሸ ቢጫው እንደ ጎህ ተመለሰ። «ሳሙና ያጠቆረውን ሎሚ ያቀናዋል፤ እርድ እንደዚህ ነው፤ ወጥ የነካውን ነጠላዬን ስንቴ አየሁት» አለችኝ። እርድ ሳሙናና አመድን የመሰለ ነገር ሲያገኝ እንደሚቀላ፣ ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ደግሞ ወደ ቢጫነቱ እንደሚመለስ በኋላ አነበብኩ። በዚያን ሰዓት የማውቀው ግን የእናቴን እጅ ብቻ ነው፤ እስከ አንጓዋ ቢጫ ሆኖ፣ የሎሚው ፍሬ በጣቶቿ መካከል ተጣብቆ። ለጥምቀት ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል ይባላል፤ የእኛ የጥምቀት ሎሚ በሳፋ ውስጥ አለቀ።

የሸማ ጨርቅ በመቀስ መቆረጥ አይወድም። ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ መቀስ በሰያፍ ካለፈበት ማጉ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ በማግሥቱ ባለ ሦስት ማዕዘን የነበረው ቅርፅ አልባ ይሆናል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጫፉን በመቀስ ነክቶ በእጅ መቅደድ ነው፤ ሸማ በክሩ መንገድ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፤ ድምፁም የሚያረካ ነው። እንዲህ የተቀደደውን ቀጭን ሰንበር ለመስመሩ ዋና ገመድ አደርገዋለሁ፤ ሲባጎ መግዛት ቀረልኝ። ሁለተኛው ባለ ሦስት ማዕዘኑን ድርብ አድርጎ ሰፍቶ መገልበጥ ነው። ነጠላ በተፈጥሮው ሁለት እጥፍ፣ ጋቢ ደግሞ አራት እጥፍ ሆኖ ስለሚሠራ፣ ጋቢ ያመጣ ሰው ድርብ የመስፋቱን ግማሽ ሥራ ጨርሶልኛል ማለት ነው።

የነጠላውን ዘርፍ ግን አልቆርጥም። እንዳለ አስቀርቼ ወደ ታች እንዲንጠለጠል አደርጋለሁ፤ የተፈታውን ዘርፍም እናቴ ጭኗ ላይ አስደግፋ በመዳፏ እየፈተለች ትቋጨዋለች። አንድን ነገር ፈጽመን ስንደመድም «ቋጨነው» የምንለው ከዚህ ነው፤ ሸማ ከሸማኔ እጅ ወጥቶ ዘርፉ እስኪቋጭ ድረስ አላለቀም። በየቀኑ በስብሰባና በዜና የምንሰማው ቃል በእናቴ መዳፍ ውስጥ ሲሠራ ሳይ ደስ ይለኛል።

ልኩን ለሚፈልግ እነግረዋለሁ። የእኔ ቁራጮች የላይኛው ጎናቸው 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመታቸው 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በመካከላቸው 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ስተው በአንድ ሜትር አራት ይገባሉ። ዙሪያው ሦስት ሜትር የሆነ የሐበሻ ቀሚስ፣ ድርብ ተደርጎ ሲሰፋ፣ ወደ 40 ቁራጭ ይወጣዋል። ይህም አሥር ሜትር መስመር ይሆናል፤ የእኛን መንገድ ተሻግሮ ትንሽ ረገብ ብሎ ለመውረድ ይበቃዋል። አንድ ቀሚስ አንድ መንገድ ይሻገራል። ይህን ስሌት ያወጣሁት በእናቴ ቀሚስ ላይ ነው።

ቀሚሱን ራሷ ናት ያመጣችው። ጨርቁ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ አንድ ማታ አጣጥፋ አጠገቤ አስቀመጠችውና ተቀመጠች። ድሩም ማጉም ፈትል ነው፤ ጥጡን አያቴ መዳመጫ ላይ ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ ልቃቂቱን ለሸማኔ የሰጠችው ነው። የአንድ ሴት የወራት ማታዎች አሉበት። መቀሱን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ጥለቱን ልቁረጥ አልቁረጥ ብዬ ስጠይቃት «ጥለቱን ተዪው፤ ሌላ ቀሚስ ላይ ይሰፋል፤ ነጩን ውሰጂ» አለች። የሽሮ ሜዳ ሰፊዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ደህና ጥለት ከአሮጌ ቀሚስ ተፈትቶ አዲስ ነጭ ላይ ሲሰፋ አይቻለሁ፤ ጥለቱ ከልብሱ በላይ ዕድሜ አለው። እናም የእናቴ ጥለት ዛሬ በእህቴ ልጅ ቀሚስ ላይ ነው፤ ነጩ ደግሞ በመንገዱ ላይ።

ጥር 9 ማታ ሰቀልነው። ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ጋር አላሰርንም፤ ከአጥር ወደ አጥር፣ ከሰገነት ወደ ሰገነት ነው የዘረጋነው። በከተራው ጠዋት አንድ ዲያቆን በመንገዱ ሲያልፍ ቀና ብሎ አየና «ይህ ድባቡን ይነካል» አለን። ሮጦ ሄዶ ረጅም እጀታ ያለው ጃንጥላ ይዞ መጣ፤ ከፍ አድርጎ ዘርግቶ ከመስመሮቹ ሥር በዝግታ አለፈ። ሦስተኛው መስመር ላይ የጃንጥላው ጫፍ አንዱን ቢጫ ቁራጭ ያዘው። መሰላል አውጥተን፣ ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት እየተሻማን፣ ሁሉንም መስመር አንድ ክንድ ከፍ አደረግነው። ላስቲክ ቢሆን ኖሮ ተበጥሶ ያልፍ ነበር፤ ማንም ልኩን ባላሰበ።

ጨርቅ ከላስቲክ የሚለይበትን ነገር የተረዳሁት ታቦቱ ሲቃረብ ነው። ላስቲክ ነፋስ ሲነካው ያለማቋረጥ ይንጫጫል፤ ለዓመታት ስለለመድነው አንሰማውም ነበር። ጨርቁ ድምፅ የለውም። ከበሮውና ጽናጽሉ ገና ከሩቅ ሳለ ተሰማን፤ ምንጣፍ አንጣፊ ልጆቹ ከኋላ እየጠቀለሉ ወደ ፊት ሲሮጡ የእግራቸው ኮቴ ሳይቀር ተሰማ። እማማ ከበራቸው ላይ ወንበር ተደርጎላቸው ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ማታ የተተኮሰውን ክምር ወስጄ አሳይቻቸው፣ አንድ አንዱን በጣታቸው ዳሰው፣ «አሁን ልብስ ሆነ» ብለውኝ ነበር። ታቦቱ አልፎ ወጣቶቹ ወደ ጃንሜዳ ሊከተሉ ሲነሡ እማማ እጃቸውን ዘርግተው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» አሏቸው። ሁላችንም ይህን ምርቃት ስንት ጊዜ ሰምተነዋል፤ ያን ዕለት ግን አንዱ ልጅ ቀና ብሎ የተሰቀለውን አየና ፊቱ በራ፤ እማማም አይተው ሳቁ።

እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። የቱ መስመር የእርሷ እንደሆነ አልነገርኳትም። ሰሙን አይታ አወቀችው።

ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ አወረድነው። የማውረዱ ሥራ እንደ መስቀሉ ደስ አይልም፤ ሰው ደክሟል፤ ለዚህም ነው ከመስቀላችን በፊት ለእያንዳንዱ መስመር የሚያወርደውን ሰው የምንወስነው። በመጀመሪያው ዓመት ከ12 መስመር 11 ተመለሰ፤ አንዱን የሰቀለው ቤት ሰው ሳይመለስ ቆይቶ ሰኔ ላይ በዝናብ በስብሶ ወረደ። እርሱንም ለጎመን መደባችን አፈር አድርጌዋለሁ። የተመለሰው ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ብል እንዳይገባበት በየሁለት ወሩ ፀሐይ እያየ ይቀመጣል። የእርዱ ቢጫ በሦስት ቀን ፀሐይ ገርጥቶ ክሬም መስሎ ስለሚመለስ በየታኅሣሡ እንደገና ይነከራል፤ አሁን ሎሚውን ቀድሜ ነው የማዘጋጀው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሌላም ሞክሬአለሁ። ከየሶፋውና ከየቴሌቪዥኑ ላይ የተነሡ አሮጌ ዳንቴሎችን በስታርች አጠንክሬ ለገና ኮከብ አደረግኋቸው፤ በኪሮሽ የተሠራ ክብ ዳንቴል ሳይቆረጥ በራሱ ኮከብ ነው፤ ጥዱ ላይ በረዶ ነው ተብሎ ከሚበተነው ጥጥ ይልቅ ለእኛ ቤት የሚቀርበው እርሱ ይመስለኛል። ለእንቁጣጣሽ ከቢጫ ቁርጥራጭ አደይ ሞክሬ ነበር፤ አልወደድኩትም፤ እውነተኛው አደይ በደጅ ሞልቶ ሳለ የጨርቅ አደይ መሥራት አያስፈልግም።

በዚህ ሳምንት እማማ በልጅ ልጃቸው እጅ አንድ ፌስታል ላኩልኝ። ውስጡ በደንብ የታጠፈ ነጠላ አለ፤ ዘርፉ ገና ያልላላ፣ መሐሉ ላይ ግን ብል የበሳው። «ሳልሞት ሰፍተሽ አሳዪኝ» ብለዋል። ሰፍቼ ስጨርስ 12 ቁራጭ የሚወጣው ይመስለኛል፤ ሦስት ሜትር መስመር ነው፤ ከበራቸው ፊት ያለው አጥር ደግሞ ሦስት ሜትር ከስንዝር ነው። የእናቴን ቁራጭ ጠግኜ ወደ ቦታዋ ከመለስኩ በኋላ ነገ ጠዋት እዘፈዝፈዋለሁ።